ሦስት ጣት ከፍታ

አጎቴ ፔጆውን ግማሹን በዓይኑ፣ ግማሹን በጆሮው ነበር የሚነዳት። ከአስፋልቱ ወጥተን ወደ ሰፈር በገባን ቁጥር ሆዷ ድንጋይ ይነካና «ቋ!» ይላል። እሱ መሪውን እንደያዘ፣ ዘወር እንኳ ሳይል፣ «ይቺ የዳቦ ቤቱ ናት» ይላል። ትንሽ ሄደን ደግሞ «ግርርር...» ሲል፣ «ይቺ የቦዩ ናት» ይላል። የሐረርን ድንጋይ አንድ በአንድ በድምፁ ያውቀዋል። ችግሩ ድንጋዮቹም ፔጆዋን ማወቃቸው ነው። ማርሚታዋን በዓመት ሁለቴ ይነቅላሉ። አንዴማ ኮፓዋን ሸንቁረው፣ ዘይቷን አንጠፍጥፈው፣ ከነተሳፋሪዋ ሜዳ ላይ አስቀርተዋታል።

በነገራችን ላይ አጎቴን «እሱ» እያልኩ ስጽፍ ድፍረት እንዳይመስላችሁ። ሐረር ወይም ድሬዳዋ ያደገ ሰው ያውቀዋል። እኛ ዘንድ ታላቁም ታናሹም «አንተ» ነው። «አንቱ» ካሉህ አንድም እንግዳ ነህ፣ አንድም ተጣልተውሃል።

የዛሬው ጨዋታዬ ስለዚያች ፔጆ ከፍታ ነው። አንድ መኪና ከመሬት ስንት ጣት ከፍ ይበል የሚለው ነገር የጋራዥ ወሬ ይመስላል። እኔ ግን የታሪክ ወሬ ነው ባይ ነኝ። የአንድን አገር መንገድ ታሪክ ማንበብ የፈለገ ሰው ጎንበስ ብሎ የመኪናውን ሆድ ይይ። ጭረቱ ሁሉ እዚያ ተጽፏል።

ከከተማዋ እንጀምር። የሐረር ጀጎል በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ግንቡን ሲያስገነቡ መኪና የሚባል ነገር በማንም ሕልም አልነበረም። መንገዶቿ የተለኩት በሰው ትከሻና በተጫነ አህያ ነው። ሁለት ሰው ሲተላለፍ አንዱ ግድግዳ ተደግፎ የሚያሳልፍበት መንገድ ሞልቷል። አምስቱ የጥንት በሮችም፣ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር፣ የተሠሩት ለእግረኛና ለሲራራ ነጋዴ ነው። መኪና እንደ ልቡ የሚገባው በኋላ በተጨመረው በስድስተኛው፣ «ሐረር በር» በምንለው ነው። ከዚያ ቀጥ ብሎ ፈረስ መጋላ ይደርሳል። «ፈረስ መጋላ» ማለት የፈረስ ገበያ ማለት ነው። ፈረሱ ሄዶ ፔጆው ቆመበት፤ ስሙ ግን የፈረሱ እንደሆነ ቀረ።

ከፈረስ መጋላ ወደ ታች የሚወርደው ጎዳና ደግሞ «መኪና ግርግር» ይባላል። እንግዳ ሰው ስሙን ሲሰማ የመኪና ግርግር ያለበት ይመስለዋል። እዚያ የሚያንገራግረው መኪና ግን የልብስ ስፌት መኪና ነው። ልብስ ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ ተደርድረው ሲረግጡት ጎዳናው ይንጣጣል። እንግዲህ በሐረር «መኪና» ሲባል የትኛው ነው ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

እውነተኛው መኪና ሐረር የደረሰው አቀበት ወጥቶ ነው። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲገባ ሐረርን ተራራ ላይ ትቷት ነው ያለፈው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር ከ1,800 በላይ። ሐዲድ ይህን አቀበት ይውጣ ቢባል ወጪው የሚቻል አልሆነም። ስለዚህ ከድሬዳዋ በላይ ያለው ነገር ሁሉ በእንስሳ ጀርባ፣ በኋላም በጎማ መጣ። በደንገጎ ጠመዝማዛ የሚወጣው መንገድ የሐረር የደም ሥር ሆነ። ይህን ደንገጎን ያዙልኝ፤ እንመለስበታለን።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ድሮ መኪና ሁሉ ከፍ ያለ እንደነበር ታውቃላችሁ? ቤዴ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. አውቶሞቢል እየነዳ አዲስ አበባ ዐፄ ምኒልክ ዘንድ ሲደርስ፣ የዚያ ዘመን መኪና ሠረገላ የሚመስል፣ ጎማው ቀጭንና ረጅም፣ ሆዱ ከመሬት የራቀ ነበር። በዚያው ዓመት አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. በ1908፣ አሜሪካ ውስጥ የወጣው የፎርድ «ሞዴል ቲ»ም እንደዚያው ነው። ፎርድ መኪናውን ከፍ ያደረገው ለጌጥ አልነበረም። የአሜሪካ ገበሬ መንገድ ያኔ ጭቃና ቦይ ነበርና ነው። ከዚያ በኋላ አስፋልቱ ሲለሰልስ መኪናው ዝቅ እያለ መጣ። ዝቅ ያለ መኪና መታጠፊያ ላይ አይንጋደድም፤ ንፋስም ብዙ አይገፋውም፤ ፍጥነት ይችላል። ስለዚህ የቤት መኪና ዝቅ ማለቱ ከመንገዱ ጋር የተፈራረመው ውል ነው። «አንተ ለስልስልኝ፣ እኔ ዝቅ እልልሃለሁ» እንደ ማለት። እኛ አገር የመጣው ውሉን የፈረመው መኪና ነው። መንገዱ ግን ገና አልፈረመም ነበር።

ለዚህ ነው እኛ ዘንድ ጋራዥ ከመሸጫው ሱቅ የበለጠ የሚከበረው። የጋራዡን ቋንቋ ስሙት እስቲ፦ ሞላ፣ ባሌስትራ፣ አሞርዛተር፣ ማርሚታ፣ ካምቢዮ፣ ጎሚስታ፣ ክሪክ። አብዛኛው ከጣልያን አፍ የወጣ ነው። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ሐረር ገብቶ በ1933 ዓ.ም. ወጣ። ጥሎት የሄደው መንገድ ብዙው ፈራረሰ፤ የመካኒክ ቃሉ ግን እስከ ዛሬ ይሠራል። «ባሌስትራ» በጣልያንኛ ቀስት መወርወሪያም ማለት ነው። ጭነት ሲበዛበት ተለጥጦ፣ ሲራገፍለት የሚመለሰው ብረት በእርግጥም ቀስት ነው። «ሞላ» ደግሞ ያው ጥቅልል ሽቦው ነው። የዛሬው ተረቴ ባለቤት እሱ ነው።

ወደ ፔጆዋ ልመለስ። ፔጆ 404 ፓሪስ ውስጥ የታየችው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። የነደፋት የጣልያኑ ፒኒንፋሪና ነው። ፊቷም ኋላዋም በሞላ የቆመች፣ ጠንካራ መኪና ናት። ጥንካሬዋን ያስመሰከረችው ደግሞ በጎረቤታችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 በምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድር 84 መኪኖች ተነስተው የጨረሱት ሰባት ብቻ ናቸው። አንደኛ የወጣችው 404 ነበረች። በ1966፣ በ1967ና በ1968ም አሸነፈች። በ1968ም እንደገና ሰባት መኪና ብቻ ነው የጨረሰው። ሹፌር ሁሉ «ፔጆ ወይም ሞት» ቢል አይፈረድበትም። በሐረርና በድሬዳዋ ታክሲ ማለት ለብዙ አሥርት ዓመታት ፔጆ ማለት ነበር። የሐረሮቹ ሰማያዊና ነጭ ተቀብተው ፈረስ መጋላ ላይ ሲደረደሩ የሠርግ አጃቢ ይመስሉ ነበር።

ግን ጠንካራ ማለት ከፍ ያለ ማለት አይደለም። የአጎቴ ፔጆ ሠላሳ ዓመት ሲሞላት ሞላዋ ደክሞ ቁጭ ብላ ነበር። አምስት ሰው ከነዕቃው ሲጫን ሆዷና መሬቱ በስንዝር እንኳ አይራራቁም። በ1989 ዓ.ም. ክረምት አጎቴ ቆረጠ። «ከፍ አስደርጋታለሁ» አለ። እኔ ያኔ አዲስ አበባ ተማሪ ነበርኩ። ብር በሰው ላከልኝ፤ ከብሩ ጋር መካኒኩ ያስጻፈው ዝርዝር ነበረ። መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ሄደህ ግዛና በአውቶቡስ ላክ ተባልኩ።

ዝርዝሩ ላይ አራት ነገር ነበር። አንደኛ፣ ከሌላ ከበድ ካለ መኪና የወጣ ወፍራም የኋላ ሞላ፣ ሁለት ፍሬ። ሁለተኛ፣ የፊቱን ሞላ ከፍ የሚያደርግ መደብ። ሦስተኛ፣ ረዘም ያለ አሞርዛተር፣ ሁለት ፍሬ። አራተኛ፣ ረዘም ያለ የኋላ ፍሬን የጎማ ቱቦ፣ አንድ ፍሬ። ቱቦው ከሁሉም ርካሹ ነው። የአንድ ምሳ ዋጋ ቢሆን ነው።

ሞላውንና መደቡን ቶሎ አገኘሁ። አሞርዛተሩን ጠየቅሁ፤ ውድ ነው። ቱቦውን ፍለጋ ደግሞ ሌላ መደዳ መዞር ነበረብኝ። ዝናብ ጀመረ። ኪሴ ውስጥ የቀረውን ብር ዳበስኩት። በዚያ ሰሞን ጫማዬ ውኃ ያስገባ ነበር፤ የክፍል ልጆችም አይተውብኛል። ከዚህ በላይ አላስረዝመው፤ ጫማ ገዛሁበት። ለአጎቴ «አሞርዛተሩና ቱቦው ጠፋ» ብዬ ላኩለት። ጫማው ቡናማ ነበር።

ሥራው ሲሠራ ለዕረፍት ሐረር ነበርኩና በዓይኔ አይቻለሁ። መካኒኩ ሽማግሌ ነው። መኪናዋን በክሪክ አንስቶ፣ ግንድ አስደግፎ፣ የድሮውን ሞላ አወጣው። አዲሱን በመጋዝ በልኩ ቆረጠውና አስገባው። በእሳት እንዳትቆርጡት፣ ሞላ እሳት ከነካው ጉልበቱ ይሞታል አለን። ከዚያ ተነስቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አጎቴን እንዲህ አለው።

«አቦ ስማኝ። ሞላ ብቻውን አይቀየርም፤ ቤተሰብ አለው። መኪናዋን ከፍ ስታደርግ አክስሉ ከሆዷ ይርቃል። አሞርዛተሩ ግን ክንዱ ያው ነው፤ ጎማው ሲወርድ ተወጥሮ ይደርቃል። አክስሉን ከጎን የሚይዘው ዘንግ ቦታው ስለሚቀየር አክስሉ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፤ እሱን እኔ አስተካክላለሁ። መብራቷንም አስተካክላለሁ። የፍሬን ቱቦው ግን ከሆዷ ወደ አክስሉ የሚወርድ ጎማ ነው። ርቀቱ ሲጨምር እሱ አይጨምርም። ቱቦው እስኪመጣ አቁማት።»

አጎቴ ወደ እኔ አየ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

«ጠፋ አላለም እንዴ ልጁ? ሠርግ ሰሞን ነው፤ ቆማ ምን ትሠራልኛለች!» አለና ቁልፉን ተቀበለ።

እውነቱን ለመናገር ያ ሰሞን ደስታ ነበር። ፔጆዋ ሦስት ጣት ከፍ ብላ ፈረስ መጋላ ስትቆም ሹፌሮቹ ሁሉ ከበቧት። አንዱ «ላንድሮቨር አደረግካት ወላ!» አለው። አጎቴ የዳቦ ቤቱን ድንጋይ ዝም ብሎ አለፈበት፤ ድምፅ የለም። የቦዩንም አለፈው። ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ያለች መኪና ነዳ። ከከተማ ውጪ ሌሎች ታክሲዎች «አይሆንም» የሚሉትን ኮንትራት እየወሰደ ገቢው ጨመረ። ርግጥ ባዶዋን ስትሄድ ትዘላለች። አዲሱ ሞላ ደረቅ ነው፤ አሮጌው አሞርዛተር ሊይዘው አልቻለም። ጠመዝማዛ ላይም እንደ ድሮው አትቀመጥም፤ ወደ ውጪ ታዘነብላለች። ከፍታ ክብደቷን ወደ ላይ ወስዶታልና። ለእሱ ግን ይህ ሁሉ ትንሽ ዕዳ ነበር።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ይባላል። ቆጡ ላይ ያለውን ስናይ ብብታችን ውስጥ ያለው ለካ የፍሬኑ ቱቦ ኖሯል።

ሠርገኛ ጭኖ ወደ ድሬዳዋ ሲወርድ ነው፤ ደንገጎን አልፎ ቁልቁለቱ ሲጀምር። ከፊቱ ለሚመጣ የጭነት መኪና ቦታ ሊለቅ ወደ ዳር ወጣ አለ። የኋላው ጎማ የአስፋልቱን ጠርዝ ለቅቆ ጉድጓድ ውስጥ ወረደ። ከዚያ ወጣ። መታጠፊያው ላይ ፍሬን ሲረግጥ ፔዳሉ ከወለሉ ጋር ተጣበቀ። ለወራት ተወጥሮ የኖረው ቱቦ ተበጥሶ ነበር። የዚያች መኪና ፍሬን መስመሩ አንድ ነው፤ አንዱ ጋ ከተበሳ ከሁሉም ይፈሳል። አጎቴ ማርሽ ቀነሰ፣ የእጅ ፍሬን ሳበ፣ በመጨረሻም ገደሉን ትቶ ወደ ተራራው አስጠጋት። ድንጋዩን እየፋቀች፣ እየፋቀች ቆመች።

ማንም አልሞተም። ይህን ስጽፍ እንኳ ትንፋሼ ይመለሳል። ግን የሠፈራችን ሴት፣ የሙሽራዋ አክስት፣ በሩ በኩል ነበረችና የግራ እጇ አንጓ ተሰበረ። ሐረርን የሚያውቅ የዚህን ትርጉም ያውቃል። እሷ ስፌት ሰፊ ነበረች። በሐረሪ ቤት ግድግዳውን የሚሸፍኑት እነዚያ በቀለም ያበዱ ስፌቶች በሁለት እጅ የሚሠሩ ናቸው። አንዱ እጅ ይወጋል፤ ሌላው ይይዛል፣ ያዞራል። የእሷ ግራ እጅ ከዚያ በኋላ መዞር እምቢ አለ። ለልጇ ጀምራው የነበረ ስፌት ነበር፤ ግማሹ ላይ ቆመ።

አጎቴ ፔጆዋን አስጠገነና ወራት ሙሉ የቤቷን አስቤዛ ቻለ። ወፍራሙን ሞላ አውልቆ አሮጌውን መለሰ። የዳቦ ቤቱ ድንጋይም «ቋ!» ማለቱን ቀጠለ።

እኔ ጫማውን አላደረግኩትም። ሁለት ዓመት ቆይቼ አጎቴን በርጫ ላይ ብቻውን አገኘሁትና ነገርኩት። ቱቦው አልጠፋም ነበር፤ ጫማ ነው የገዛሁበት አልኩት። ቅጠሉን እየመረጠ ዝም አለ። በኋላ፣ «አውቃለሁ። በዚያው ሳምንት ሶማሌ ተራ የሄደ ሹፌር 'ሞልቷል' ብሎኛል» አለ። «ታዲያ ለምን አልተቆጣኸኝም?» ብለው፣ «ካወቅኩ በኋላ አንድ ወር ነድቻታለሁ፤ እኔ ራሴ አላስላክኩም። ማን ማንን ይቆጣል?» አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ጥፋቱ የእኔና የእሱ ነው፤ ይህን በሌላ ላይ አላላክክም። ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል። አንድ የታክሲ ሹፌር ለምንድነው መኪናውን ከፍ ለማስደረግ የሚገደደው? ድንጋዩ የጋራ ነው፤ ሞላው ግን የግል ነው። ሃምሳ ታክሲ የሚያልፍበትን አንድ ድንጋይ አንድ ሰው በዶማ በግማሽ ቀን ያነሳዋል። እኛ ግን ድንጋዩን ትተን ሃምሳውን መኪና እናነሳለን። ሃምሳ ሞላ፣ ሃምሳ መደብ፣ ሃምሳ ያልተገዛ ቱቦ። ጄኔሬተሩንም፣ የውኃ ታንከሩንም፣ የግቢውን አጥር ከፍታም እንዲሁ አስቡት። የጋራው ነገር ዝቅ ባለ ቁጥር እያንዳንዳችን በየኪሳችን ከፍ እንላለን።

ሐረር ከፍታን የማታውቅ ከተማ አይደለችም። የሐረሪ ቤት ውስጥ የገባ ሰው ነደባዎቹን አይቷል። ከፍና ዝቅ ያሉ መቀመጫዎች ናቸው፤ እያንዳንዱ ለማን እንደሚገባ ይታወቃል። ትልቅ ሰው በቦታው፣ ታናሽ በቦታው ይቀመጣል። ታዲያ ነደባ ከፍ የሚለው ብቻውን ተንጠልጥሎ አይደለም፤ ከመሬቱ ጀምሮ ተገንብቶ ነው። ከፍ ያለውም ዝቅ ያለውም አንድ ወለል ላይ ይቆማሉ፤ ሁሉም አንድ በር ያያሉ።

የእኛ ዘመን ከፍታ ግን ሌላ ሆኗል። አዲስ አበባን እዩ። ከፍ ያለ መኪና ማዕረግ ነው። አቅም ያለው ከፍ ያለውን ይገዛል፤ የሌለው አሮጌ ኮሮላውን ጋራዥ ወስዶ ሞላ ያስቀይራል። ከፍ ካለው መኪና ላይ ሆኖ ጉድጓድ አይሰማም። ስለ መንገዱ የሚወስነው ሰው የሚሄደው ደግሞ ብዙ ጊዜ በከፍተኛው ነው። ያልተሰማህን ጉድጓድ እንዴት ትደፍነዋለህ? አጎቴ ቢሆን ድንጋዮቹን በስማቸው እየጠራ ሊያስነሳ ይችል ነበር። ግን የጠየቀው ሰው የለም።

ዛሬ ነገሩ ብዙ ተለውጧል። የጀጎል መንገዶች ድንጋይ ተነጥፎባቸዋል። ፔጆዎቹን ባጃጅ እያስለቀቃቸው ቁጥራቸው ተመናምኗል። ባጃጅ ቀላል ናት፤ ነዳጅ አትበላም፤ ድንጋይ ካጋጠማት ሦስት ሰው አንስቶ ያሻግራታል። ከዕቃ መለወጫ እጥረት ጋር ሲታገሉ የከረሙት 404ዎች ለቱሪስት ፎቶግራፍ የሚፈለጉበት ዘመን መጥቷል። የአጎቴም ግቢ ውስጥ ቆማለች፤ ዶሮ ያድርባታል። ሆዷ ሥር ጎንበስ ብዬ አይቻለሁ፤ ጭረቱ ሁሉ እንዳለ ነው።

ሐረር በሄድኩ ቁጥር ያችን ሴት ሳልጠይቅ አልመለስም። ያ ግማሽ ስፌት ግድግዳዋ ላይ፣ ከተጨረሱት መሀል ተሰቅሏል። አንድ ቀን «ለምን አታወርጅውም?» ብላት፣ «ልጄ ትጨርሰዋለች ብዬ ነበር፤ እሷ ደግሞ ያንተን አዲስ አበባ መረጠች» ብላ ሳቀችብኝ። ስለ ጫማው ነግሬያታለሁ። ምን እንዳለችኝ ለራሴ ይቆይ።

አዲስ አበባ ያሉ ወዳጆቼ «አንተ የመኪና ነገር ይገባሃል፤ መኪናዬን ከፍ ላስደርጋት ወይስ ልተዋት?» እያሉ ይጠይቁኛል። እኔ መካኒክ አይደለሁም። የምመልሰው ግን አንድ ነው፤ መጀመሪያ ቱቦውን ግዛ። ከዚያ ስለ ሞላው እናወራለን። ጊዜ ከተረፈህ ደግሞ ዶማ ይዘህ ና፤ ከሰፈርህ መግቢያ ላይ ያለችውን ድንጋይ አብረን እናያታለን።